ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም

በየከተማው መናኸሪያና ገበያ ዳር ከሚለጠፉት ማስታወቂያዎች አንዱ «ኪንታሮት ያለ ኦፕሬሽን እናድናለን» የሚለው ነው። ሚዛን ተፈሪ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ወረቀቱን ዝናብ ሲያጥበው ሌላ እየተለጠፈበት ከግድግዳው ጠፍቶ አያውቅም። ፈላጊ ባይኖረው ኖሮ ማንም አይለጥፈውም። ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ስም ኪንታሮት ነው። ሁለተኛው አሜባ ነው። ሁለቱም በአካባቢያችን የሞሉ በሽታዎች ስለሆኑ ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ችግሩ ልክ በማይሆንበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሳይታወቅ ከሚያልፉት በሽታዎች አንዱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው፤ የሚያልፈውም ገና ሊድን በሚችልበት ወቅት ነው።

ስለ ጡትና ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ጤና ጣቢያ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ዛሬ በደንብ ሰምተዋል። ስለ አንጀት ግን አይወራም፤ የሰገራ ወሬ ነውር ነውና። ሕፃን ሲሆን «ቀጠነ? አረንጓዴ ሆነ?» እያልን ጎረቤት ሁሉ ይማከርበታል። አያትየው ሲሆኑ ግን ማንም አይጠይቅም፣ እሳቸውም አይናገሩም። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

አንጀትን ለማወቅ የሕክምና መጽሐፍ አያስፈልግም። የበዓል በግ ሆድ ዕቃ ያጠበች እናት ከብዙዎቻችን የተሻለ ታውቀዋለች። ቀጭኑና የማያልቅ የሚመስለው ትንሹ አንጀት ነው፤ በሰው ላይ 6 ሜትር ያህል ይሆናል። ምግብ ተፈጭቶ ወደ ደም የሚገባው እዚያ ነው። ወፈር ያለው ደንዳኔ ደግሞ ትልቁ አንጀት ሲሆን 1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከሆድ በስተቀኝ በታች፣ ትርፍ አንጀት ከተንጠለጠለችበት ቦታ ይጀምራል። በቀኝ ጎን ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጨጓራ ሥር አግድም ያልፋል፣ በግራ ጎን ይወርዳል፣ ከዚያ ተጠማዞ ፊንጢጣ ላይ ያበቃል። ዋና ሥራው ውኃ መምጠጥ ነው። በቀን 1 ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ ይደርሰዋል፤ ከዚያ ውስጥ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ስለዚህ በቀኝ በኩል ያለው ሰገራ ገና ፈሳሽ ነው፣ በግራ በኩል ያለው ግን ጠጥሯል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ካንሰሩ በአንድ ቀን አይበቅልም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአንጀት የውስጥ ግድግዳ ላይ እንደ ትንሽ እንጉዳይ ብቅ ከሚል ሥጋ ነው፤ ሐኪሞች ፖሊፕ ይሉታል። አብዛኛው ፖሊፕ ካንሰር አይሆንም። የሚሆነውም ቢሆን ወደ 10 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከካንሰሮች ሁሉ ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ብዙ የለም። ፖሊፑ በካሜራ ታይቶ እዚያው ከተቆረጠ ካንሰሩ ሳይወለድ ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ በእኛ አካባቢ እንዴት ይደበቃል? አንደኛው መደበቂያ መጸዳጃችን ነው። ብዙ ቤት ያለው የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው፤ ውስጡ ጨለማ ነው፣ አዛውንቱ የሚሄዱትም ንጋት ላይ ወይም ማታ ነው። ምን እንደወጣቸው አያዩም። ደሙ የሚታወቀው ልብስ ላይ ሲገኝ ነው፤ ልብሱን የሚያጥበው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

ሁለተኛው መደበቂያ የአሜባ ስም ነው። እውነተኛ አሜባ ቁርጠት አለው፣ ቶሎ ቶሎ ያስቀምጣል፣ ንፍጥና ደም የተቀላቀለበት ቀጭን ሰገራ ያወጣል። መድኃኒቱን፣ ሰው ሁሉ ፍላጂል የሚለውን፣ በታዘዘው መጠንና ቀን የወሰደ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጥ ያያል። ደሙ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ከቀጠለ ወይም ለጊዜው ጠፍቶ በወሩ ከተመለሰ ሁለተኛና ሦስተኛ ፍላጂል መግዛት ምርመራ አይደለም። እኔ በአገልግሎቴ ዘመን ያየሁት ትልቁ ጊዜ ማባከኛ ይህ ነው። ከመድኃኒት መሸጫው መስኮት ላይ «የአሜባ ስጡኝ» ይባላል፣ ይሰጣል፣ ያልቃል፣ እንደገና ይባላል።

ኪንታሮት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰገራ ከወጣ በኋላ ጠብ ጠብ የሚል ደማቅ ቀይ ደም ያመጣል፤ የወጣ እብጠትም በእጅ ሊዳሰስ ይችላል። ይሁን እንጂ ከፊንጢጣ በላይ ያለ ካንሰርም ልክ እንደዚያ ሊደማ ይችላል። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። በዓይን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም፤ ሐኪም ጓንት አድርጎ በጣቱ መመርመር አለበት። ምርመራው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። በመጨረሻው የአንጀት ክፍል ላይ ያለን ዕጢ ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ማግኘት ይቻላል። አባቶች ይህን ምርመራ እንደ ውርደት ያዩታል። ሚስት ወልዳ፣ ተሰፍታ፣ በስንት ሰው ፊት ተመርምራ ስትመለስ ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው የተቀበሉ እነዚሁ አባቶች ናቸው! ሳይዳስስ «ኪንታሮት ነው» ብሎ የሚሸኛችሁን ባለሙያ «አይመረምሩኝም?» ብላችሁ ጠይቁ። ድፍረት አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ቅባቱ ነው። የባህል ሐኪም ነኝ የሚለው ሰው የሚያቃጥል ቅጠል ወይም ዱቄት ይቀባል፤ ሥጋው ይላጣል፣ ይቆስላል፣ ሲድን ደግሞ ጠባሳው መውጫውን ሊያጠብ ይችላል። ሥሩ ካንሰር ከነበረ ያ ቁስል ሌላ ግማሽ ዓመት ይሸፍነዋል።

ከሸኮ በኩል የመጡ የ48 ዓመት ገበሬ ነበሩ። ደም ካዩ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ፍላጂል ስንት ጊዜ እንደወሰዱ ቆጥረው መጨረስ አልቻሉም፤ ቅባትም ተቀብተዋል። ሐኪሙ በጣቱ ሲመረምራቸው ጠጣር ነገር አገኘና የሪፈር ወረቀት ጻፈላቸው። ጊዜው ጥቅምት ነበር፣ ቡናው ቀልቷል። «ሲስተር፣ ለቃሚ ተዋውያለሁ፤ ቡናው ከእግሩ ሥር እየረገፈ ትቼው የት እሄዳለሁ? ለቅሜ፣ ሽጬ፣ ለመታከሚያም ይሆነኛል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ቡናውን ልጆቹ ይልቀሙት» ብላቸው ፈገግ ብለው ወጡ። ሐሳባቸው ሞኝነት አልነበረም፤ የዓመት ገንዘባቸው ያለው ዛፉ ላይ ነው። የተመለሱት በጥር ነው፤ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ጋዝ እንኳ ሳይወጣቸው፣ በቃሬዛ። አንጀቱ ተዘግቶ ነበር። ኦፕራሲዮን ተደርገው ለጊዜው ተረፉ፤ በሽታው ግን ጉበት ደርሷል። የዚያን ዓመት ክረምት አላለፉም።

አስታማሚ ሆና የመጣችው ሴት ልጃቸው ደሙን ከእሳቸው እኩል ታውቅ ነበር። ልብሳቸውን የምታጥበው እሷ ናት። «አባቴን ይህን እንዴት ብዬ ልጠይቀው?» አለችኝ። በእኛ አገር ሴት ልጅ አባቷን እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቅም፤ እውነቷን ነው። ለእናቷ ግን መንገር ትችላለች፤ እናት ለባሏ፣ ወይም ለወንድሙ፣ ወይም ለንስሐ አባቱ፣ ለሽማግሌ። በየቤታችሁ ይህ ወሬ በማን በኩል እንደሚያልፍ እናንተ ታውቃላችሁ። ብቻ ያልፍ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ልዩነት ልመለስ። በግራ በኩል ሰገራው ጠጣር ስለሆነ ዕጢ ሲያድግ መንገዱን ቶሎ ያጠበዋል፤ ሰው ይደርቅበታል፣ ሰገራው ይቀጥናል፣ ተቀምጦ ያልጨረሰ ይመስለዋል። በቀኝ በኩል ግን ፈሳሹ ዕጢውን እየዞረ ያልፋል። ሕመም የለም፣ ድርቀት የለም። ደሙም ጥቂት በጥቂት ስለሚንጠባጠብና ከሰገራው ጋር ስለሚዋሃድ በዓይን አይታይም። የሚታየው ድካም፣ የልብ ትርታ፣ የፊት መገርጣት ነው። የቴፒ ሻይ ሻጭ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው 50 ያለፈ እናት ደም ማነስ ተብለው ሦስት ጊዜ የብረት ክኒንና የትል መድኃኒት ወስደው ነበር። የመንጠቆ ትል በሞቃትና እርጥብ አገራችን ደም በመምጠጥ የታወቀ ነውና አዛዡ አልተሳሳተም። በአራተኛው ጊዜ ያገኛቸው ወጣት ጤና መኮንን ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «እማማ፣ የወር አበባ ካቆመ ስንት ዓመት ሆነዎ? ታዲያ ይህ ሁሉ ደም የት ይሄዳል?» ወደ ጅማ ተላኩ፤ በቀኝ በኩል ያለው ዕጢ በጊዜው ወጣላቸው። እኔ ጡረታ ስወጣ ሻያቸውን እየሸጡ ነበር።

ስለዚህ የወር አበባ ያቆመች ሴት ወይም ወንድ ደም ማነስ ተገኝቶበት ከታከመ በኋላ እንደገና ከቀነሰ ከትል በላይ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ደም በሰገራ ውስጥ መኖሩን የሚያሳይ ቀላል ምርመራ አለ፤ ነገር ግን የመንጠቆ ትልም እዚያ ላይ «አለ» ያሰኘዋል። በእኛ አካባቢ ውጤቱን ለብቻው ማመን የማይቻለው ለዚህ ነው። እግረ መንገዴን ግን አትደንግጡ፦ የብረት ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ይጠቁራል፣ ቀይ ሥር የበላ ይቀላል። ሁለቱም ደም አይደሉም።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ አይደለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው መሠረት አለው። ዴኒስ በርኪት የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም በኡጋንዳ ለረጅም ዓመታት ሲሠራ የገጠሩ ሕዝብ ይህ ካንሰር ብዙም እንደማያገኘው አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ ምክንያቱ ገለባና አሰር ያለው ምግብ ነው ብሎ ተከራከረ፤ አሰሩ ሰገራን ያበዛል፣ ቶሎም ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሌላ ጥናት ወጣ። 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ የገጠር ሰዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ እንዲለዋወጡ ተደረገ። አሜሪካውያኑ አሰር የበዛበትን ሲበሉ አንጀታቸው ላይ የነበረው የመቆጣት ምልክት ቀነሰ፤ ሥጋና ቅባት የበሉት አፍሪካውያን ላይ ደግሞ ጨመረ። በሁለት ሳምንት ብቻ!

ከዚህ አንጻር የቤንች፣ የሸካና የካፋ እናቶች ገበታ የሚናቅ አይደለም። ቆጮው፣ ጎደሬው፣ በቆሎው፣ ባቄላው፣ ጎመኑ ሁሉ ለአንጀት የተስማማ ነው። ልጆቻችን ከተማ ሲገቡ ፓስታ፣ ነጭ ዳቦና የተጠበሰ ነገር ብቻ መልመዳቸው ያሳስበኛል። ሥጋን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ቋሊማ ያሉ በፋብሪካ የተዘጋጁ ሥጋዎችን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቧል፤ ቀይ ሥጋን ደግሞ «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ውስጥ አስቀምጦታል። በዓመት በዓል የሚበላ ሥጋ አያስጨንቀኝም። በየሳምንቱ በኪሎ የሚቆረጠው፣ ከአረቄና ከቢራ ጋር ሲሆን፣ እሱ ሌላ ነው። አልኮልና ሲጋራ ሁለቱም አደጋውን ይጨምራሉ።

ቡናስ? እዚህ አገር ሳይጠየቅ የማይቀር ጥያቄ ነው። ቡና የአንጀት ካንሰር ያመጣል የሚል ማስረጃ የለም። ያው ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ያስጠነቀቀው ከ65 ዲግሪ በላይ ስለሚፋጅ ማንኛውም መጠጥ ነው፤ እሱም የሚያሰጋው ጉሮሮን እንጂ አንጀትን አይደለም። ቡናውንም ጨሞውንም ትንሽ አብርዳችሁ ጠጡ።

ይሁንና ጥሩ ገበታ ክትባት አይደለም። ቆጮ በልተው ያደጉም ይታመማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል፣ ከ930 ሺህ በላይ ሞተዋል። እናንተ አያቶች በሬዲዮ ጨዋታውን የተከታተላችሁት ፔሌ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 መጨረሻ ያረፈው በዚሁ ነው። ልጆቻችሁ የሚያውቁት የፊልም ተዋናይ ቻድዊክ ቦስማን ደግሞ በ2020 ገና በ43 ዓመቱ። በአገራችን ሆስፒታሎችም ሕመሙ ይዟቸው ከሚመጡት ውስጥ ከ50 ዓመት በታች ያሉት ብዙ ናቸው። «ለዚህ በሽታ ገና ወጣት ነህ» ብሎ መመለስ ስለዚህ አያዋጣም።

ወዴት ይኬዳል? መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል፤ ለአካባቢያችን ትልቁ ሚዛን አማን ያለው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። አንጀትን በውስጥ የሚያይ ካሜራ፣ ኮሎኖስኮፒ የሚባለው፣ በየሆስፒታሉ ስለሌለ ብዙ ጊዜ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም አዲስ አበባ ያስልካል። ከሚዛን ጅማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አዲስ አበባ 560 ገደማ። የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደረጃውን ጠብቃችሁ ሪፈር እያጻፋችሁ ሂዱ፤ ዘልላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ወረቀቱን በፕላስቲክ ያዙት፤ ዝናብ ያበላሸው ሪፈር ይዘው ደርሰው የተጉላሉ አይቻለሁ።

ለካሜራው አንጀቱ ንጹሕ መሆን አለበት። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ቀጭን ምግብ ብቻ ይወሰዳል፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣል፣ ቀይ ቀለም ያለው መጠጥ ይከለከላል፤ የብረት ክኒን ደግሞ ቀናት ቀድሞ ይቆማል። ለሊቱን በሙሉ ሽንት ቤት መመላለስ ስላለ አዛውንት ብቻቸውን ሆቴል አትተዉ። በምርመራው ወቅት ከተጠረጠረው ቦታ ትንሽ ሥጋ ይወሰዳል። «ሥጋው ከተነካ ካንሰሩ ይሰራጫል» የሚባለው ወሬ ብዙ ሰው አስቀርቷል፤ እውነት አይደለም። ሥጋው ሳይታይ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልም።

ዋናው ሕክምና ኦፕራሲዮን ነው፤ የታመመው ክፍል ይቆረጥና ሁለቱ ጫፎች ይገጣጠማሉ። እንደ ደረጃው ኬሞቴራፒ ይጨመራል፣ ፊንጢጣ አካባቢ ሲሆን ደግሞ ጨረር። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋው ሰው ይጨርስ ነበር። በቅርብ ዓመታት ጅማም መስጠት ጀምሯል፤ ለምዕራቡና ለደቡብ ምዕራቡ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሲሆን ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከሩቅ የመጡ ችግረኛ ታካሚዎችን ይረዳል። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ድርጅት ነው። በሽታው ከአንጀት ግድግዳ ሳይወጣ ሲገኝ በአሜሪካ ከ10 ታካሚ 9ኙ ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ። ሩቅ አካል ከደረሰ በኋላ ከ10 ሁለት እንኳ አይሞሉም።

አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ አንጀቱን በሆድ ላይ አውጥቶ ሰገራው በከረጢት እንዲወጣ ያደርጋል። ለጊዜው ሊሆን ይችላል፣ ለዘለቄታውም። ከዚህ የተነሳ ኦፕራሲዮኑን እምቢ ያሉ አሉ። ከረጢቱ ሲለመድ በልብስ ሥር አይታወቅም፤ ሰው ያርሳል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይሄዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል። የሚከብደው ከረጢት ከከተማ ማምጣቱ ነው፤ ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ለጥቂት ወራት የሚበቃ ጠይቁ፣ ቆዳውን እንዴት እንደምታጥቡም ነርሷ እያሳየቻችሁ በእጃችሁ ሞክሩት።

ከካንሰር ጋር ባይያያዝም አንድ ነገር ሳልናገር አልፍም። ሆድ ድንገት ተነፍቶ፣ ሰገራም ጋዝም አልወጣ ካለ፣ ትውከት ከተጨመረ፣ አንጀት ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል። በአገራችን በጣም የታወቀ ነው። ያን ጊዜ ቅቤ ቀብቶ ማሸት፣ የሚያስቀምጥ ኮሶ ማጠጣት የተጠመዘዘውን አንጀት ሊበጥስ ይችላል። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ቡናም ቢደርስ።

የቀረው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ታካሚ በዘሩ በሽታው የለም። ነገር ግን አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት በዚህ ካንሰር የታመመበት ሰው አደጋው ከሌላው ይበልጣል። በሌሎች አገሮች ለእንዲህ ያለ ሰው ምልክት ባይኖረውም በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀንሶ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ካሜራው እንዲታይ ይመከራል። አባት በ45 ዓመቱ ታሞ ከሆነ ልጁ በ35 ነው ማለት ነው። ለዚህም ሟቹ «በሆድ ሕመም ሞተ» ከሚባል ይልቅ የበሽታው ስምና ዕድሜው በትክክል ታውቆ ለልጆቹ ቢነገር፣ ወይም ቤት ውስጥ ባለው ደብተር ላይ ቢጻፍ፣ ለሚመረምራቸው ሐኪም ብዙ ይረዳዋል።